ሽማግሌ ሲመላለስ ሦስት ወር ያልፋል

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ የጣርማ በርን ዋሻ አልፎ፥ ደብረ ሲናን ተሰናብቶ ቁልቁለቱን ሲጨርስ የደጋው ብርድ ከኋላው ይቀርና የይፋት ቆላ ሙቀት ይቀበለዋል። ከዋና ከተማችን 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ሸዋ ሮቢት የዚህ ቆላ ገበያና የመንገደኛ ማረፊያ ናት። የሮቢ ወንዝ በሚያጠጣው ሜዳ ላይ ሽንኩርትና ትንባሆ ሲበቅልበት ኖሯል፤ ዝናብ በሚጠብቀው ማሳ ደግሞ ማሽላ፥ ጤፍና ወደ ውጭ አገር የሚላከው ማሾ ይመረታል።

እንዲህ ያለ አገር ያለ ቅጥር ሠራተኛ አይውልም። ሽንኩርት ነቅሎ ጆንያ የሚሞላው፥ ጭነት የሚያወጣው፥ የውሀ ሞተር የሚጠብቀው፥ በሆቴል ቤት ምግብ የምታቀርበው፥ በጋራዥ ጎማ የሚፈታው፥ በመጋዘን ደጃፍ የሚያድረው ዘበኛ፥ ሁሉም በሌላ ሰው ሥራ ላይ ተሰማርቶ የወር ደመወዝ ወይም የቀን ሒሳብ የሚቀበል ነው። ከነዚህም ብዙዎቹ የሚቀጠሩት በአፍ ነው፤ ሲሰናበቱም በአፍ ነው። «ከነገ ጀምሮ አትምጣ» የሚለው ቃል ከተነገረ በኋላ ሠራተኛው ምን ማድረግ ይችላል? ሕጉስ ምን ይለዋል? የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚህ ነው።

ጉዳዩን ለተማሪዎችና ለወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ማቅረባችን ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ በትምህርት ገበታ ላይ ያለው ወጣት ነገ ተቀጣሪ ወይም ቀጣሪ ነው። ዛሬ በወረዳ ጽሕፈት ቤት ማመልከቻ የሚቀበለው ወጣት ደግሞ፥ ራሱ ሳያውቀው የብዙ ሰው እንጀራ በእጁ ሊያልፍ ይችላል። እንዴት እንደሆነ ወደ ታች እንመለስበታለን።

የመጀመሪያው እርምጃ

በይፋት ከሥራው የተሰናበተ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ክስ አይደለም፤ ሽማግሌ ነው። ይህም የሚያስነቅፈው አይደለም። ክርስቲያኑና እስላሙ፥ አማራው፥ አርጎባውና ኦሮሞው በአንድ ገበያ እየተገበያየ በሚኖርበት በዚህ አገር ጠብን የሚያበርድ ሽማግሌ ባይኖር ኖሮ ኑሮው ባልተቃና ነበር። ነገሩ ከፍ ብሎ ደም የፈሰሰበት ሲሆንም አበጋሮች ገብተው ያስታርቃሉ። ከዚህም በላይ አሠሪው ብዙ ጊዜ ባዕድ አይደለም። ወይ የአጎት ልጅ ነው፥ ወይ ጎረቤት ነው፥ ወይ በዕቁብና በዕድር የተገናኙ ሰዎች ናቸው። እንዲህ ያለውን ሰው ከፍርድ ቤት ማቆም ከደመወዙ የሚበልጥ ነገር ማጣት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ሽማግሌ ይላካል። ሽማግሌዎቹም በልማዳቸው አይቸኩሉም። «ቁጣው ይብረድለት» ይላሉ፤ «በዓሉ ይለፍ» ይላሉ፤ «ጾሙ ይፈታ» ይላሉ፤ «ምርቱ ተሸጦ እጁ ላይ ገንዘብ ይግባ» ይላሉ። አሠሪውም ፊት ለፊት እንቢ አይልም፤ «እናንተን አላሳፍርም፥ አስብበታለሁ» ብሎ ይመልሳቸዋል። ለእርቅ ሲባል ትዕግሥት መልካም ነው። ነገር ግን በዚህ ሁሉ መካከል ቀን የሚቆጥር አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ሕግ ነው።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156 እንደሚደነግገው፥ ከሕግ ውጭ የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራዬ ልመለስ ብሎ የሚያቀርበው ጥያቄ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ይርጋ ማለት መብት በጊዜ ማለፍ ምክንያት በፍርድ የማይጠየቅ መሆኑ ነው። ያልተከፈለ ደመወዝ፥ የትርፍ ሰዓትና ሌላም ክፍያ መጠየቂያው፥ እንዲሁም ከስንብቱ የሚመነጨው የገንዘብ ጥያቄ ጊዜው ስድስት ወር ነው። ከዚያ በኋላ የሚደረገው ጩኸት «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው ይሆናል።

ያለ ምክንያት ማሰናበት አይቻልም

ብዙ ሰው «ገንዘቡ የራሱ ነው፤ ሲፈልግ ይቀጥራል፥ ሲፈልግ ያሰናብታል» ሲል ይሰማል። ይህ አነጋገር በአሜሪካ አገር ቢነገር በአብዛኛው እውነት ነው። በዚያ አገር ከሞንታና በስተቀር በሌሎቹ ክፍላተ ግዛት፥ በዘር ወይም በፆታ እንደ ማዳላት ያለ የተከለከለ ምክንያት ካልሆነ ወይም የተለየ ውል ከሌለ በስተቀር፥ አሠሪ ሠራተኛውን ያለ ምክንያት ማሰናበት ይችላል። በኢትዮጵያ ግን ሕጉ ከዚህ የተለየ ነው። አገራችን ስለ ሥራ ውል መቋረጥ በ1974 ዓ.ም. በጄኔቫ የተደረገውን 158ኛውን የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት በጥር 1983 ዓ.ም. አጽድቃለች። የስምምነቱ ዋና ሐሳብ፥ ሠራተኛ በቂ ምክንያት ሳይኖር አይሰናበትም የሚል ነው።

አዋጃችንም ይህንኑ ተከትሎ የስንብት ምክንያት ከሦስት ምንጮች እንዲነሣ ያዛል። እነዚህም የሠራተኛው ጠባይ፥ የሠራተኛው ችሎታ ማጣት፥ ወይም የድርጅቱ የሥራ ሁኔታ ናቸው። ከነዚህ ውጭ «ዓይንህን አላየው» ወይም «ዘመዴ ሥራ ፈትቶ መጥቷል» የሚል ምክንያት በሕግ ፊት ምክንያት አይደለም።

ጥፋት አለ በተባለ ጊዜም መጠኑ የተወሰነ ነው። ለምሳሌ ያህል ሠራተኛ አረፈደ ተብሎ ያለ ማስጠንቀቂያ የሚሰናበተው፥ በጽሑፍ እየተነገረው ያለ በቂ ምክንያት በስድስት ወር ውስጥ ስምንት ጊዜ ሲያረፍድ ነው። ቀረ ተብሎ የሚሰናበተውም እንዲሁ በጽሑፍ እየተነገረው በስድስት ወር ውስጥ በጠቅላላው አምስት የሥራ ቀን የቀረ እንደሆነ ነው። አሠሪው ጥፋቱን ካወቀበት ቀን አንሥቶ 30 የሥራ ቀን ዝም ብሎ ካሳለፈም በዚያ ጥፋት ያለ ማስጠንቀቂያ የማሰናበት መብቱ ያልፋል። አንባቢዎቻችን እንደሚመለከቱት ይርጋ የሚቆጥረው በሠራተኛው ላይ ብቻ አይደለም።

ስንብቱም በጽሑፍ መሆን አለበት። ምክንያቱና ውሉ የሚቋረጥበት ቀን ይገለጽበታል። ማስጠንቀቂያ በሚያስፈልግበት ጊዜ፥ የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ እስከ አንድ ዓመት ላገለገለ አንድ ወር፥ ከአንድ ዓመት በላይ እስከ ዘጠኝ ዓመት ላገለገለ ሁለት ወር፥ ከዘጠኝ ዓመት በላይ ላገለገለ ሦስት ወር ይሰጣል።

ከሁሉ የጠበቀው ክልከላ ደግሞ አለ። በማኅበር አባልነት፥ በአሠሪው ላይ አቤቱታ በማቅረብ፥ በዘር፥ በሃይማኖት፥ በፆታ፥ በፖለቲካ አመለካከት፥ በእርግዝና፥ በአካል ጉዳትና በመሳሰለው ምክንያት ማሰናበት ፈጽሞ የተከለከለ ነው። በሆቴል ቤት የምትሠራ ሴት በእርግዝናዋ ጊዜና ከወለደች በኋላ እስከ አራት ወር ድረስ በዚህ ምክንያት ልትሰናበት አትችልም። በነዚህ ምክንያቶች የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራው እንዲመለስ ይታዘዛል።

«አንተ ጊዜያዊ ነህ» ሲባል

በቆላው ከሚሰሙት ማመካኛዎች ሁለቱ ተለይተው ሊታዩ ይገባል። አንደኛው «ሙከራ ላይ ነበርህ» የሚል ነው። የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ ደግሞም በጽሑፍ ስምምነት ካልተደረገበት አይጸናም። በአፍ የተቀጠረን ሰው በአፍ «ሙከራ ነበር» ብሎ ማሰናበት አይቻልም።

ሁለተኛው «አንተ ጊዜያዊ ሠራተኛ ነህ» የሚል ነው። እርግጥ ነው፥ ሽንኩርት በሚነቀልበትና ማሾ በሚለቀምበት ወቅት ብቻ የሚሠራ ሰው የወቅት ሠራተኛ ነው፤ ሥራው ሲያልቅ ውሉም ያልቃል። ሕጉም ይህን ያውቃል። ነገር ግን በዓመቱ ውስጥ ሳያቋርጥ፥ ዓመት በዓመት ላይ እየጨመረ መጋዘን የሚጠብቅ ሰው የቀን ሒሳብ ስለተከፈለው ብቻ ጊዜያዊ አይባልም። ሕጉ በግልጽ ከዘረዘራቸው የተወሰኑ ሥራዎች በስተቀር ማንኛውም የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል። ውሉ በጽሑፍ አለመሆኑም መብቱን አያሳጣውም። እንዲያውም በጽሑፍ ባልተደረገ ውል፥ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ፍሬ ነገር ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው የመስጠት ግዴታ አለበት።

የድርጅት ባለቤት መለወጥም ቢሆን ውል አያቋርጥም። ሸዋ ሮቢትን ከትንባሆ እርሻ ጋር ያስተዋወቃት ብሔራዊ ትንባሆ ድርጅት፥ በ2008 ዓ.ም. 40 በመቶ አክሲዮኑ ለጃፓን ቶባኮ ኩባንያ ተሸጦ በ2010 ዓ.ም. የገዢው ድርሻ ወደ 71 በመቶ ከፍ ብሏል። ትልቅም ሆነ ትንሽ ድርጅት እንዲህ ባለቤቱ ሲለወጥ የሠራተኛው ውል ከነአገልግሎት ዘመኑ ይቀጥላል። ሆቴል የገዛ ነጋዴም «እኔ አልቀጠርኋችሁም» ሊል አይችልም።

በገንዘብ ሲታሰብ

ነገሩን በቁጥር ብናየው ይበልጥ ይብራራል። ሦስት ዓመት ያገለገለ፥ በቀን 200 ብር የሚታሰብለት አንድ የመጋዘን ዘበኛ እንበል። ቁጥሩ ለስሌት እንዲመች የተወሰደ ነው። ይህ ሰው ያለ ሕጋዊ ምክንያት ቢሰናበትና ፍርድ ቤቱ ወደ ሥራው ከመመለስ ይልቅ ካሳ ቢወስንለት፥ የሚያገኘው እንደሚከተለው ነው። ካሳው የቀን ደመወዙ 180 ጊዜ ተባዝቶ 36,000 ብር ይሆናል። ማስጠንቀቂያ ስላልተሰጠው የሁለት ወር ደመወዝ 12,000 ብር ይጨመርለታል። የጡረታ መብት ከሌለውም የሥራ ስንብት ክፍያ ይታሰብለታል፤ ይኸውም ለመጀመሪያው ዓመት የ30 ቀን፥ ለተከታዩ ለእያንዳንዱ ዓመት የዚያ አንድ ሦስተኛ ማለት የ10 ቀን ደመወዝ ሲሆን፥ በጠቅላላው የ50 ቀን ወይም 10,000 ብር ነው። ድምሩ 58,000 ብር ይመጣል። ወደ ሥራው ይመለስ ቢባል ደግሞ እስከ ስድስት ወር የሚደርስ ውዝፍ ደመወዝ ሊወሰንለት ይችላል።

እንግዲህ ይህ ዘበኛ ሕጉን ሳያውቅ በሽማግሌ ፊት ቀርቦ «የትራንስፖርትና የልጆች ልብስ» ተብሎ አምስት ሺህ ብር ቢሰጠው አመስግኖ ይሄዳል። ሽማግሌዎቹም መልካም ሥራ ሠራን ብለው ይመርቁታል። በዚህ ውስጥ ክፉ ሰው ላይኖር ይችላል። የጎደለው ዕውቀት ነው። አስታራቂው የሚያስታርቀው የሁለቱን ድርሻ ሳያውቅ ከሆነ፥ እርቁ ደካማው ከመብቱ የሚቀንስበት ብቻ ይሆናል።

ይህ ሕግ ከየት መጣ?

ይህ ጥበቃ በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ሥራ ውል ደነገገ። በ1954 ዓ.ም. የወጣውና በ1956 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 210 የጸናው የአሠሪና ሠራተኛ ግንኙነት ሕግ ሠራተኛው በማኅበር ሊደራጅ እንደሚችል አወቀለት፤ በ1955 ዓ.ም. የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን ተቋቋመ። ከዚያም በ1968 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 64፥ በ1985 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 42፥ በ1996 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 377 እየተተካኩ ወጥተው ዛሬ ወደሚሠራበት አዋጅ ተደርሷል። በመካከሉ መንግሥታት ተለዋውጠዋል፤ ሕጉ አንዳንድ ጊዜ ለአሠሪው፥ አንዳንድ ጊዜ ለሠራተኛው አዘንብሏል። ነገር ግን ያለ ምክንያት ማሰናበት አይገባም የሚለው ሐሳብ ሥር ሰዶ ቆይቷል።

ሆኖም አዋጁ ሁሉን አይሸፍንም። የቤት ሠራተኞችና የሥራ መሪዎች ከዚህ ሕግ ውጭ ናቸው። የመንግሥት ሠራተኛውም በራሱ ሕግ ይተዳደራል። በተለይ በሰው ቤት የሚያገለግሉ እኅቶቻችን ከዚህ ጥበቃ ውጭ መሆናቸው ገና ያልተዘጋ ክፍተት ነው።

ሽምግልናና ሕግ እንዴት ይታረቁ?

ከዚህ በላይ የተባለውን ያነበበ ሰው «ታዲያ ሽምግልና ይቅር ማለታችሁ ነውን?» ይለን ይሆናል። አይደለም። ሽምግልናው ይቀጥል፤ ግን የይርጋው ቆጠራ ይቋረጥ ነው የምንለው። ሕጉ ራሱ የማቋረጫውን በር ከፍቶታል። ይርጋ የሚቋረጠው በሦስት ነገር ነው። አንደኛ፥ ጉዳዩ የሥራ ክርክርን ለሚወስን አካል ሲቀርብ፤ ሁለተኛ፥ ሕጉን ለሚያስፈጽመው ባለሥልጣን ሲቀርብና በጽሑፍ ውሳኔ እስኪሰጥበት ድረስ፤ ሦስተኛ፥ አሠሪው የሠራተኛውን መብት በጽሑፍ ሲያምን ነው። በዚህ በሦስተኛው ምክንያት ግን ከሦስት ጊዜ በላይ ማቋረጥ አይቻልም።

እዚህ ላይ የሽማግሌው ሥራ ይታያል። አሠሪው «አላሳፍራችሁም፥ ድርሻውን እሰጠዋለሁ» ባለ ጊዜ፥ ሽማግሌዎቹ «እግዚአብሔር ይስጥልን» ብለው ከመነሣታቸው በፊት «እንግዲያውስ ይህንኑ ጽፈህ ፈርምልን» ቢሉት፥ ሠራተኛው አንድም ቀን አይጎዳም። በእውነት ለመክፈል ያሰበ ሰው መፈረም አይከብደውም። መፈረም የከበደው ሰው ደግሞ ምን እንዳሰበ በዚያው ይታወቃል። «በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ያሉት አባቶቻችን ይህንን አስቀድመው አይተውታል።

ፊርማው ካልተገኘ፥ ሦስት ወሩ ሳያልፍ ለፍርድ ቤት ማመልከት ይገባል። የሥራ ክርክር ክስ ከዳኝነት ክፍያ ነፃ ነው። ሕጉ የሥራ ክርክር ችሎት ክሱ በቀረበ በ60 ቀን ውስጥ እንዲወስን ያዛል፤ ይግባኝም በ30 ቀን ውስጥ ይቀርባል። ክስ መመሥረትም እርቅን አይዘጋም። ከፍርድ በፊት የታረቁ ሰዎች ክሱን ማንሣት ይችላሉ። የተበደለ ከነጋሽ፥ የተጠማ ከፈሳሽ መሄዱ ጠብ መፈለግ ተደርጎ ሊቆጠርበት አይገባም።

በክፉ ቀን

ይፋት በቅርብ ዓመታት ብዙ መከራ አይቷል። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ተቃጥላለች፤ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢት ደርሶ ሕዝቡ ተሰድዶ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ አሠሪውም ሠራተኛውም ተጎጂ ነው። ሕጉም ይህንን አስቦበታል። ድርጅቱ ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ቢያንስ አሥር ተከታታይ ቀን ሥራ ካቆመ፥ ውሉ ሳይቋረጥ ሊታገድ ይችላል። አሠሪው በሦስት የሥራ ቀን ውስጥ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ማስታወቅ አለበት፤ እገዳውም ከ90 ቀን አይበልጥም። ሠራተኛውም በበኩሉ እንዲህ ባለ ምክንያት ይርጋው ያለፈበት እንደሆነ፥ እንቅፋቱ በተወገደ በአሥር ቀን ውስጥ ካመለከተ አቤቱታው ሊታይለት ይችላል። ይህች የአሥር ቀን ጊዜ አጭር ናት። ከስደት ተመልሶ ቤቱን የሚጠግን ሰው ካልነገሩት በስተቀር አያውቃትም።

የወጣቱ ድርሻ

አሁን ለወጣት ባለሥልጣኖች ወዳልነው እንመለስ። ሕጉን ከሚያስፈጽሙት አንዱ የወረዳው ወይም የከተማው የሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ነው። አንድ የተሰናበተ ሠራተኛ ማመልከቻ ይዞ ወደዚያ ሲመጣ፥ ወጣቱ ሠራተኛ ተቀብሎ በመዝገብ ቢያገባውና ቀንና ቁጥር ቢሰጠው፥ ይርጋው መቋረጡን የሚያሳይ ማስረጃ ይሆናል። «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፥ ሰኞ ተመለስ» ቢለው ግን ሰኞው ማክሰኞ እየሆነ ሦስት ወሩ ሊያልቅ ይችላል። ሕጉ የሰጠውን መብት የመዝገብ ቤት ቸልተኝነት ይወስድበታል ማለት ነው።

በግል ድርጅት የሠራተኛ አስተዳደር የሆነው ወጣትም፥ ጌታው «አባርረው» ባሉት ጊዜ «ምክንያቱን ምን ብዬ ልጻፍ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። ይህች አንዲት ጥያቄ ብዙ ስንብት ታስቀራለች፤ ቁጣን ማዘዝ ቀላል ነው፥ ቁጣን በወረቀት ማስፈር ግን ያሳፍራልና። ተማሪውም ቢሆን ለዕረፍት ወደ ቤቱ ሲመለስ፥ ለጎረቤቱ ማመልከቻ ከመጻፉ በፊት «መቼ ነው አትምጣ የተባልኸው?» ብሎ ቀኑን ይጠይቅ።

ሠራተኛው በበኩሉ የተቀጠረበትን ቀን፥ የተከፈለውን ሒሳብና አብረውት የሠሩትን ሰዎች ስም በአንዲት ደብተር ይያዝ። ሲሰናበትም የሥራውን ዓይነት፥ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት ይጠይቅ፤ አሠሪው ይህን ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለበት። አሥር ሠራተኞች ባሉበትም ማኅበር ማቋቋም ስለሚቻል፥ ብቻውን የሚፈራ ሰው ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ መብቱን ይጠይቅ።

የይፋት ሽማግሌ ክብሩ እንደተጠበቀ ይኖራል፤ ቃሉም ይሰማል። እኛ የምንለምነው፥ ከወረዳ ጽሕፈት ቤት የሚሠራ ወይም ከትምህርት ቤት የመጣ አንድ ወጣት ወረቀትና ብዕር ይዞ ከሽማግሌዎቹ ጎን ይቀመጥ፥ ቀኑንም ይቁጠርላቸው ብለን ነው።